ባሕር ዳር የቀረው

መስከረም ሊያልቅ ሲል፣ ውሃው ከእርሻው መሸሽ ሲጀምር፣ መምሬ ባምላክ ሁለት ደብተር በፌስታል ይዘው ቤቴ መጡ። የነፍስ አባታችን ናቸው። ከሳቸው በፊት አባታቸው መምሬ ደሞዝ የቤታችን የነፍስ አባት ነበሩ። ከደብተሮቹ አንዱ አዲስ ነው። ሌላው የአባታቸው ነው፤ ዳር ዳሩን አይጥ በልቶታል።

«የአባቴን ደብተር ላድሰው ነው» አሉኝ። «የየቤቱን የክርስትና ስም እንደገና እጽፋለሁ። ሕያዋንን በቀኝ፣ ሙታንን በግራ። በጸሎት የምጠራው ከዚህ ነው።»

በርጩማ አወጣሁላቸው። ባለቤቴ ማናዬ ጠላ ቀዳች። እሳቸው ስም ይጠራሉ፣ እኔ አዎ እላለሁ፤ እንዲያ እያልን የልጆቼን፣ የልጅ ልጆቼን፣ የማናዬን ወገኖች ጨረስን። ከሙታን እናቴን ጠሩ፤ ወለተ ጻድቅ። አዎ አልሁ።

ከዚያ አሮጌውን ደብተር ወደ ዓይናቸው አስጠጉ።

«ወልደ ሰንበት ማነው?»

«ወልደ ሰንበት የሚባል የለንም።»

«በአባቴ እጅ ነው የተጻፈው። ከሕያዋን።»

አሰብሁ። ከልጆቼ ወልደ ሰንበት የተባለ የለም። ከማናዬ ወንድሞችም የለም።

«የሌላ ቤት ሰው ተቀላቅሎ ይሆናል። ይሰርዙት» አልሁ።

«ሰው ማንነቱ ሳይታወቅ ከጸሎት አይሰረዝም፣ አያ ይርዳው። በሰማይ ቢጠይቀኝ ምን እለዋለሁ?»

ማናዬ ከጓዳ ሆና በእኔ ስትቀልድ፣ «የበሬያቸው ስም ይሆናላ» አለች። «ለበሬ ሳያስጸልዩ አይቀሩም።»

መምሬ ሳቁ፤ ስሙን ግን አልሰረዙትም። ገጹን ገለበጡና፣ «አባትዎን ደግሞ ከየትም አላገኘኋቸውም» አሉ። «ከሕያዋንም የሉ፣ ከሙታንም የሉ። የት ልጻፋቸው?»

«አይጻፉት።»

«እርስዎ ሰማንያ ሰባት ዓመትዎ ነው። አባትዎ በሕይወት ቢኖሩ ከመቶ ዐሥር ያልፋቸዋል። ከሙታን ብጽፋቸው ማን ይከሰኛል?»

«እናቴ ስትሞት አስምላኛለች። ለእሱ አታስጸልይ፤ የሚያስጸልይለት ሌላ ቤት አለው ብላ።»

ነገሩን አልነግራቸውም ብዬ ነበር። ደብተሩን ይዘው ሲጠብቁ ነገርኋቸው።

አባቴ በላቸው ይባላል። በጠላት ጊዜ ከሌሎች አርበኞች ጋር በደብረ ታቦር መንገድ ሲዋጋ ጣሊያን ማረከው። እኔ በእናቴ ሆድ የአምስት ወር ነበርሁ። የት እንዳሰሩት የሚያውቅ አልነበረም። ጠላት ወጣ፤ እስረኞች ተመለሱ ተባለ። እናቴ ሰገን ጠበቀች። አራት ዓመት ሲሆነኝ አንድ ዲያቆን ከይፋግ መጣ። ከአባቴ ጋር ታስሮ የነበረ ነው። አጥራችን ጋ ቆሞ እንዲህ አላት፤ «በላቸው ባሕር ዳር ቀረ።»

እኛ የፎገራ ሰዎች ባሕር የምንለው ጣናን ነው። ባሕር ዳር ከዚህ በእግር የሁለት ቀን መንገድ ነው። እናቴ የሰማችው ባሏ ተፈትቶ፣ የሁለት ቀን መንገድ ሲቀረው፣ ባሕር ዳር ላይ ሌላ ቤት ገባ የሚል ነው። ዲያቆኑን አባረረችው። እኔ የማስታውሰው እግሩን ነው፤ አብጦ ነበር። ውሃ ለመናት። አልሰጠችውም። በአገራችን ለመንገደኛ ውሃ የከለከለ ሰው ከእናቴ በቀር አላየሁም።

እናቴ ከአባቴ ጋር የቆረበች ናት። ባሏ በሕይወት አለ ብላ ስለምታምን ሌላ አላገባችም። ተስካርም አላወጣችም። ላልሞተ ሰው ተስካር የለም። እኔን ጓደኞቼ «አባትህ ዓሣ ላከልህ?» ይሉኝ ነበር። ሃያ ዓመት ሲሞላኝ ዱላዬን ይዤ ባሕር ዳር ሄድሁ። ሦስት በላቸው አገኘሁ። አንዱ ሸማኔ ነው፣ አንዱ ዕውር ነው፣ አንዱ በዕድሜ ከእኔ ያንሳል። ሸማኔው «ልጅ ከሆንህስ ደግ፤ ና ድር አድራ» አለኝ። ተመለስሁ። ከዚያ ወዲህ ባሕር ዳር ሄጄ አላውቅም። ታምሜ ሐኪሙ ወደዚያ ሲልከኝ ጎንደር ይሁንልኝ ብያለሁ።

መምሬ ባምላክ ሰምተው ሲያበቁ፣ «ያን ዲያቆን ከዚያ ወዲያ የጠየቀው ሰው አለ?» አሉ።

«የለም።»

«እሱም ተመልሶ አልመጣም?»

«ተመልሶ መጥቷል። እናቴ ውሻ ፈታችበት።»

ዋንጫቸውን አስቀመጡ።

«አያ ይርዳው፣ ወሬ ያደረሰ ሰው ወሬውን አድርሶ ይሄዳል። ሁለተኛ የሚመጣ ያልጨረሰው ነገር ያለው ነው።»

ይህን ሰማንያ ዓመት ሙሉ አስቤው አላውቅም።

መምሬ በአዲሱ ደብተር ከእናቴ ስም በላይ አንድ መስመር ባዶ ተዉ። ወልደ ሰንበትን እንዳለ ከሕያዋን ገለበጡት። «ደብተሩን የጥቅምት ሚካኤል ካለፈ በኋላ እዘጋዋለሁ» አሉኝ። «እስከዚያ ይወቁና ይንገሩኝ።»

መንገዱ በየጊዜው እየተዘጋ ስለነበር፣ ክፍት የሚሆንበትን ቀን ጠበቅሁ። ጥቅምት ዐሥራ አንድ ቀን መኪና ይሄዳል ተባለ። በጠዋት በባጃጅ ወረታ ወጣሁ። ከሩዝ መፈልፈያው በር ጀምሮ የጭነት መኪና ተሰልፏል። መገንጠያው ላይ ወያላዎቹ «ባሕር ዳር! ባሕር ዳር! አንድ ሰው!» ይላሉ። አንዱ ክንዴን ይዞ ሊያስገባኝ ሲል እጄን ነጠቅሁት። የጎንደሩን መንገድ ያዝሁ። አዲስ ዘመን ወረድሁ፤ ወደ ጣራ ገዳም ቀና ብዬ ተሳለምሁና በሌላ ባጃጅ ይፋግ ገባሁ።

ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠው አገኘሁ። በጠላት ጊዜ ታስሮ የተመለሰ ዲያቆን ያውቁ እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

«መምሬ ዓለምነህን ነው» አሉኝ። «ኋላ ቀሰሱ። ከሞቱ ሠላሳ ዓመት አለፋቸው። ልጃቸው ደብሬ አለች፤ ያ ጭስ የሚወጣበት ቤት ነው። ዛሬ ሥራ በዝቶባታል፣ ጠንቀቅ ብለው ይግቡ።»

ደብሬ ሰባ ዓመት የሚሆናት ቀጭን ሴት ናት። ደጅ ላይ ጋን እያጠነች ነበር። ቀና ብላም አላየችኝ።

«ጌሾ ፈልገው ከሆነ አልቋል» አለችኝ።

«ጌሾ አልፈልግም። ከፎገራ ነው የመጣሁ። የበላቸው ልጅ ነኝ።»

አሁን አየችኝ። እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

«የሰገን?»

የእናቴን ስም ከቤታችን ውጭ ሲጠራ ከሰማሁ አርባ ዓመት አልፎኛል።

«አዎ» አልሁ።

«ውሻው ሞተ?»

ሳልወድ ሳቅሁ። «ሞተ። ከሞተ ሰባ ዓመት ሆነው።»

«አባዬ ባቱ ላይ ጠባሳ ነበረው» አለች። «ልጆች ሆነን ይህ ምንድነው ስንለው፣ የበላቸው ሚስት ሰላምታ ነው ይለን ነበር። ይግቡ እንጂ፣ ምን ያቆምዎታል?»

ቤት ገብቼ መደብ ላይ ተቀመጥሁ። ውሃ ሰጠችኝ። ሳልጠጣው ያዝሁት።

«አባትሽ ለእናቴ የነገሯትን ነገር ልጠይቅሽ ነው የመጣሁ» አልሁ። «አጥራችን ጋ ቆመው የነገሯትን።»

«መርዶ ነዋ።»

«ምን መርዶ?»

ግራ ገብቷት አየችኝ። «የአባትዎን መርዶ ነዋ። ግን የሄደ ለት እናትዎን ብቻዋን አገኛት። ቀትር ነው። ሕፃን ይዛለች፤ እርስዎ ነዎት መቼም። መርዶ ለሴት ብቻዋን፣ ያውም በቀትር፣ እንዴት ይነገራል? በማለዳ ነው፤ ሽማግሌ ይዞ፣ ጎረቤት ሰብስቦ ነው። ስለዚህ ሆዷ ጠርጥሮ እንዲቆይ ብሎ ባሕር ዳር ቀረ አላት። ቄስ ይዞ ሊመለስ ነበር። እግሩ ጠናበትና ሁለት ወር ተኛ። ተሽሎት ሲመጣ፣ የደብሩን ቄስ ከመጥራቱ በፊት ቤቱን ልየው ብሎ ቢጠጋ ውሻው ያዘው። ከዚያ፣ ገብቷታል፣ ሐዘኑ ነው፣ መርዶ ነጋሪ ይጠላል ብሎ ተወው።»

«ባሕር ዳር ግን አለ» አልሁ።

«እዚያ አይደል የታሰሩት?»

«ባሕር ዳር ታስሮ የነበረ በላቸው የለም። ሄጄ ጠይቄያለሁ።»

«የት ሄደው?»

«ባሕር ዳር። ጣና ዳር።»

ደብሬ ወደ እኔ ጠጋ አለች። ጆሮው ለማይሰማ ሰው እንደሚነገር ቀስ ብላ ተናገረች።

«ጣና አይደለም፣ አያ። የጨዉ ባሕር ነው። ጣሊያን በመርከብ የሚመጣበት። ሱማሌ አገር፣ ከባሕሩ ዳር፣ አሸዋ ላይ ነው የታሰሩት። ባሕር ዳር ቀረ ማለት እዚያ ሞቶ ቀረ ማለት ነው።»

ውሃውን መደቡ ላይ አስቀመጥሁት።

«ጣና መሰላችሁ?» አለች።

«ጣና መሰለን።»

«ሰማንያ ዓመት?»

«ሰማንያ ዓመት። እናቴ ሌላ ሴት አግብቶ ቀረ ብላ ሞተች።»

ደብሬ አፏን በነጠላዋ ያዘች። «አባዬም ሳያውቅ ሞተ» አለች። «ምን ብበድላት ነው እንዲያ ያየችኝ ይል ነበር። ውሃ እንኳ ከለከለችኝ ይል ነበር። እናታችን ክፉ ሴት ናት ስትል ግን ይቆጣታል። ዝም በይ፣ እኔ የዚያን ቤት ውሃ አስቀድሜ ጠጥቻለሁ ይላታል።»

«መቼ ጠጡ?»

«እዚያ ነዋ። ውሃ በድርሻ ነው የሚሰጧቸው። ጉድጓዱ ጨው ነው፤ የጠጣው ሁሉ ይታመማል። አባዬ ገና ዐሥራ ስምንት ዓመቱ ነው፤ በንዳድ ወድቋል። አባትዎ ከሩቅ በገንቦ የሚመጣውን የራሱን ድርሻ ሦስት ቀን ለእሱ ሰጠው። ኋላ አባትዎ ራሱ ወደቀ። አባዬ ተነሣ፣ አባትዎ አልተነሣም።»

እኔ አልቅስ አልቅስ የሚለኝ ሰው አይደለሁም። መደቡን አየሁ። ውሃውን አነሣሁና ጠጣሁት።

ደብሬ ወደ ጓዳ ገብታ በጨርቅ የተጠቀለለ ዳዊት አወጣች። የአባቷ ነው። «እዚያ የሞቱትን ስም በቃሉ ይዞ ነው የመጣ» አለች። «አገሩ ከገባ በኋላ ጻፈው። በሚያውቃቸው ሰዎች ቤት ሁሉ እየሄደ መርዶ አድርሷል። የሁሉንም አገር ግን አያውቅም።» የመጨረሻውን ባዶ ቅጠል ገለጠችልኝ። ዐሥራ አንድ መስመር ተጽፏል። እኔ ማንበብ የተማርሁ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ በአርባ ዓመቴ ነው። ጣቴን እያስከተልሁ አነብባለሁ። ሦስተኛው መስመር እንዲህ ይላል።

ወልደ ሰንበት። በላቸው። የፎገራ ሰው። ጥቅምት ፲፪ ቀን በባሕር ዳር አረፈ። በአሸዋ ቀበርነው። ሚስቱ ሰገን።

የመጀመሪያውን ቃል ደግሜ አነበብሁት። ወልደ ሰንበት።

የክርስትና ስሙን አላውቅም ነበር። ድግምት ያደርጉበታል ተብሎ የክርስትና ስም በየሜዳው አይጠራም፤ የራቀ ሰው ስም ደግሞ ይበልጥ ይሸሸጋል። የሚያውቀው እናቴ ብቻ ነበረች፤ ለእኔ አልነገረችኝም። ለመምሬ ደሞዝ ግን ነግራቸዋለች። ከሕያዋን አስጽፋዋለች። እኔን ለእሱ አታስጸልይ ብላ ያስማለችኝ ሴት አርባ ዓመት ሙሉ፣ ባሏ ሌላ ሴት ዘንድ በጤና እንዲኖር በስውር ስታስጸልይለት ኖራለች።

«ምን ሆኑ?» አለች ደብሬ።

«እናቴ ዋሽታኛለች» አልሁ። «እግዚአብሔር ይስጣት።»

ጋኑ ለምን እንደሚታጠን የገባኝ ያን ጊዜ ነው። በማግስቱ የጥቅምት ሚካኤል ነው። መምሬ ዓለምነህ አባቴ የሞተበትን ቀን ይዘው፣ በየዓመቱ ለዐሥራ አንዱም ዝክር ያወጡ ነበር። እሳቸው ሲሞቱ ደብሬ ቀጠለች። አንድም ዓመት አልቀረም። በደርግ ጊዜ ድርቅ ሆኖ እህል ሲጠፋ በአንድ ድፎና በውሃ ዘክረዋል።

እዚያው አደርሁ። ጠዋት ከቅዳሴ በኋላ ጎረቤት ተሰበሰበ፤ ቄሱ ዳዊቱን ገልጠው ዐሥራ አንዱን ስም ጠሩ። ሦስተኛው ሲጠራ ሰዉ እንደ ልማዱ ነፍስ ይማር አለ። ለነሱ በየዓመቱ የሚሉት ነው። እኔ ገና የመጀመሪያዬ ስለነበር ከሰው ኋላ ቀርቼ ብቻዬን አልሁት። ሁሉም ዞረው አዩኝ።

ሰዉ ሲወጣ ለደብሬ፣ «ከእንግዲህ ዝክሩን እኔ ላውጣ። አንቺ በቃሽ» አልኋት።

«አይሆንም» አለችኝ። «የአባቴ አደራ ነው። ደግሞ እርስዎ የሚወስዱት አንዱን ነው። ዐሥሩን ማን ያስባቸዋል? ልጆቻቸው እንደ እርስዎ እስኪመጡ እኔ አለሁ።»

«እንግዲያ ከአዝመራው በኋላ ሩዝ ልላክ።»

«ለዝክር ሩዝ! እናንተ ፎገራዎች ሩዝ ከገባላችሁ ወዲህ ጠላውንም በሩዝ ትጠምቃላችሁ አሉ። ጤፍ ይላኩ። ለሩዙ ሌላ ሰው ይፈልጉለት።»

«እሺ፣ ጤፍ።»

«እርስዎም ይምጡ። በየዓመቱ።»

«በሕይወት ካለሁ።»

«ካልኖሩም ስምዎን ይላኩልኝ፣ እጨምረዋለሁ» አለች። አልሳቀችም። እኔም ለቀልድ አልወሰድሁትም።

ወረታ ስወርድ ያው ወያላ «አባባ፣ ባሕር ዳር ነዎት?» አለኝ።

«የኔ ከዚያ ይርቃል፣ ልጄ» አልሁት።

ከቤቴ ሳልደርስ መምሬ ባምላክ ዘንድ ገባሁ። ሁለቱንም ደብተር አመጡ።

«ወልደ ሰንበትን አገኘሁት» አልኋቸው።

ሁሉንም ነገርኋቸው። አላቋረጡኝም። ስጨርስ ብዕራቸውን አነሡ። ከዚያ በቀኝ በኩል ወልደ ሰንበት የሚለውን በአንድ ጭረት ሰረዙት። በግራ፣ ከወለተ ጻድቅ በላይ በተዉት መስመር ጻፉት።

«መሐላዎስ?» አሉኝ።

«ያስማለችኝ ራሷ አፍርሳዋለች።»

«እንዲያ ከሆነ ይፍታዎ።»

«አንድ ስም ይጨምሩ» አልሁ። «ከሙታን። ኪዳነ ማርያም።» የመምሬ ዓለምነህ የክርስትና ስም ነው፤ ከደብሬ ጠይቄ መጥቻለሁ።

«የማን ቤት ሰው ብዬ ልጻፋቸው?»

«የኛ ቤት።»

ጻፉ። ደብተሩን ግን አልዘጉትም። ብዕራቸውን ይዘው አሰቡ።

«አያ ይርዳው፣ ፍትሐቱ ከመደረጉ በፊት አንድ ነገር ቀርቷል» አሉ። «መርዶው አልተነገረም። እርስዎ ሰሙት እንጂ፣ በወጉ የነገረዎ የለም።»

እውነታቸውን ነው። ለደብሬ ላክሁባት። በሳምንቱ ቅዳሜ መጥታ መምሬ ቤት አደረች።

እሑድ በማለዳ ውሻችን ጮኸ። ማናዬ ወጥታ ያዘችው። እኔ ነጠላዬን አደግድጌ ደጄ ላይ ቆምሁ። መምሬ ባምላክ፣ ሁለት ሽማግሌዎችና ጎረቤቶቻችን በአጥሩ በኩል ቆመዋል። ደብሬ ዳዊቱን በጨርቅ እንደተጠቀለለ ይዛ ከፊት ናት። አባቷ የቆሙበት ቦታ ያ ነው። አጥሩ ያኔ እሾህ ነበር፣ ዛሬ ቆርቆሮ ነው።

መምሬ «ተናገሪ፣ ልጄ» አሏት።

«በላቸው ባሕር ዳር ቀረ» አለች ደብሬ።

«ሰማን» አልሁ።

ሴቶቹ ልቅሶውን አነሡት። አባቴን ያየ አንድ ሰው እዚያ አልነበረም፤ ሁሉም አለቀሰለት። እኔም አለቀስሁ። በሰማንያ ሰባት ዓመቴ ስለ አባቴ ሳለቅስ የመጀመሪያዬ ነው። ሰው አባቱን በሚያለቅስበት አኳኋን አለቀስሁ፤ ሳላፍርበት። እግዚአብሔርን አመሰገንሁ። ይህን ቀን ሳያሳየኝ ሊወስደኝ ይችል ነበር።

ልቅሶው ሲበርድ ማናዬን ውሃ አምጪ አልኋት። ለደብሬ ልትሰጣት ስትል እኔው ተቀበልሁና በሁለት እጄ ይዤ ወደ አጥሩ ሄድሁ።

ደብሬ ጨልጣ ጠጣችው።